«ብርድ ነው» ያሉን ጋሼ ይኸይስ

የጋሼ ይኸይስን ሞት የነገሩኝ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ ናቸው። እንጅባራ ቢሮዬ ውስጥ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ፤ አነሣሁት። «ሞተ» አላሉኝም። «ማስቴ፣ ይህን ጊዜስ አልቆየሁም» አሉኝ። «ምሳ ላይ ነው እንጀራው ከእጁ የወደቀ። እጄን ሳልታጠብ ነው ባጃጅ የጠራሁ። ማንንም አላስፈቀድሁም።» ከዚያ ድምፃቸው ጠፋ። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ! ሃሎ!» አልሁ። አልተቋረጠም። እያለቀሱ ነበር።

ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚነገረው መሞቱ ነው። እሳቸው ግን አስቀድመው የነገሩኝ አለመዘግየታቸውን ነው። ለምን እንደሆነ ከእኔና ከሟቹ ወንድም በቀር የሚገባው ሰው አልነበረም።

ጋሼ ይኸይስ ዳንግላ ውስጥ ማመልከቻ ጸሐፊ ነበሩ። እኔ ያኔ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ኮምፒውተር እተይባለሁ፣ ፎቶ ኮፒ አነሣለሁ። የእሳቸው ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር በእኔ በረንዳ ላይ ነበር። ባለጉዳይ መጥቶ እሳቸው ፊት ይቀመጣል፤ እሳቸው በእጃቸው ይጽፋሉ፤ እኔ እተይበዋለሁ። ስድስት ዓመት እንዲህ ሠራን።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ክረምት ከበጋ አንድ ግራጫ ካፖርት ይለብሳሉ። ሲጽፉ የእስክሪብቶውን ክዳን በጥርሳቸው ይነክሱና ሌላውን ዓለም ይረሱታል። የተወለዱት ገጠር፣ አገውኛ ብቻ ከሚነገርበት ቤት ነው፤ አማርኛን የለመዱት ትምህርት ቤት ገብተው ነው። ግን እኛ አፋችንን በአማርኛ የፈታነው እንኳ እንደ እሳቸው አንጽፍም። ከገጠር የመጣ ገበሬ ግማሽ ሰዓት ሙሉ በአገውኛ ሲተርክላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ሲጨርስ ግማሽ ገጽ ይጽፋሉ። ያ ሁሉ ወሬ እዚያ ግማሽ ገጽ ውስጥ አለ።

የሚያለቅስ ባለጉዳይ ሲመጣ አይቆጡም። «አልቅሺ፤ እኔ እጠብቅሻለሁ» ይላሉ። «ወረቀቱ ላይ ግን እንባ አንጽፍም። ዳኛ እንባ አያነብም።»

ጽፈው ሲያበቁ ለባለጉዳዩ በሚገባው ቋንቋ ያነቡለታል። «ይኼ የእርስዎ ቃል ነው? የእኔ ቃል ከሆነ እንቅደደው» ይሉታል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ እስከ መጨረሻው ከሰሙ በኋላ፣ «በሬዬን ገደለው አላልሁም፤ መታው ነው ያልሁ» አሉ። እኔ «ገደለው»ን በ«መታው» ብቻ ልቀይር ስል ጋሼ ወረቀቱን ከእጄ ተቀብለው ለሁለት ቀደዱት። «አንድ ቃል የተሳሳተ ሰው ሌላውንም ሳይሳሳት አልቀረም» ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ።

አንድ ክፉ ጠባይ ነበራቸው፤ «አመመኝ» የሚል ቃል አይወጣቸውም። ጥርሳቸው አብጦ ጉንጫቸው ድንች ሲያክል እንኳ «ምን ሆኑ?» ስላቸው «ምንም» ነው ያሉኝ። ለምን እንዲህ እንደሆኑ ስጠይቃቸው፣ «በሽታ ስሙን ከጠሩት ቤት ይለምዳል» አሉኝ። ሳቅሁ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ክረምቱ ሊገባ ሰሞን ነው፤ አንድ ማለዳ የጻፉትን ረቂቅ አመጡልኝና ለመተየብ ቁጭ አልሁ። መስመሩ ወደ ቀኝ እያዘቀዘቀ ሄዶ ከወረቀቱ ጠርዝ ሊወድቅ ደርሷል። «ከሳሽ» የሚለው ቃል ሦስት ጊዜ ተደጋግሟል። የእሳቸው ጽሑፍ ገመድ ተዘርግቶለት የተጻፈ ነበር የሚመስለው። ቀና ብዬ ሳያቸው የከንፈራቸው አንድ ወገን ወርዷል፤ የሚጠጡት ሻይ በዚያ በኩል እየፈሰሰ ካፖርታቸውን አርጥቦታል። እሳቸው አላወቁትም።

«ጋሼ!» አልሁ ደንግጬ።

«እ?»

«አፍዎ… ሻዩ…»

በግራ እጃቸው አገጫቸውን ዳሰሱ። ቀኝ እጃቸውን ለማንሣት ሲሞክሩ አየሁ፤ ጣቶቻቸው እንደ ሌላ ሰው ጣት ዘገዩባቸው። ትንሽ ቆይቶ፣ ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው፣ ከንፈራቸው ወደ ቦታው ተመለሰ። እጃቸውን ጨበጡ፣ ዘረጉ። እስክሪብቶውን አንሥተው ስማቸውን ጻፉና አሳዩኝ። ቀጥ ያለ ነው።

«ትናንት ዝናብ መትቶኝ ነበር» አሉኝ። «ብርድ ነው። አየሽ፣ ለቀቀኝ።»

«ቢሆንም ሐኪም ቢያየው…»

«ማስቴ፣» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፣ «ይህን ለሰው እንዳትናገሪ። የይኸይስን እጅ ያዘው ከተባለ ማን አምኖ ጉዳዩን ይሰጠኛል? ለጥሩዬም እንዳትነግሪያት፤ እሷ ትንሽ ሲሏት ነው የምትሸበር።»

እሺ አልሁ። አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ደግሞም ለቀቃቸው፤ ዓይኔ እያየ ለቀቃቸው። የለቀቀ ነገር ያለፈ መሰለኝ። ሁለቱን ትርፍ «ከሳሽ» ሰርዤ፣ የተዛነፈውን አቃንቼ ተየብሁትና ለባለጉዳዩ ሰጠሁት። ያን ቀን ያቃናሁት ጽሑፉን ብቻ ነበር።

ዘጠኝ ቀን አለፈ። በአሥረኛው ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ እትዬ ሙሉ የሚባሉ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ከገጠር መጡ። የባላቸው ወንድም ማሳቸውን ይዞባቸው ወረዳ ላይ ተረትተዋል። የይግባኝ ጊዜያቸው የሚያበቃው ያን ዕለት ነው። ማመልከቻው ተጽፎ፣ በሚኒባስ ተወስዶ፣ የይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሳይዘጋ እንጅባራ መግባት አለበት። መብራት ጠፍቷል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ጋሼ ይኸይስ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፉት። «ዛሬ አንቺ ጻፊ፤ እኔ ልንገርሽ» አሉኝ። በስድስት ዓመት አንድ ቀን እንዲህ ብለውኝ አያውቁም። ካርቦን አስገብቼ መጻፍ ጀመርሁ። ድምፃቸው አፋቸው ውስጥ ጉርሻ እንዳለ ሰው ነው።

«አመልካች… ላሟን…»

«መሬቷን ነው ጋሼ?»

«እሱን ነው ያልሁ።»

ቀኝ እጃቸውን አየሁት። ጭናቸው ላይ እንደ ተረሳ ዕቃ ተጋድሟል።

«ጋሼ፣ ሐኪም ቤት ደርሰን እንመለስ። ቅርብ ነው፤ በባጃጅ…»

«ጻፊ።»

«እጅዎ እኮ…»

«ምንም አያመኝም!» አሉ፤ ቃላቱ እየተጎተቱ ነው የሚወጡ። «የእሷ ቀን ነገ የለም። የእኔ ይደርሳል።»

ጻፍሁ። አንዱን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ እያስደገምሁ፣ የተሳተውን ቃል ከፊታቸው እያነበብሁ ጻፍሁ። እትዬ ሙሉ አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም፤ ግን ከእኔ በፊት የገባቸው እሳቸው ናቸው። ብድግ አሉና «ይኼ ሰውዬ አፉ ታሟል። ይቅር። መሬት ይቅር!» አሉ። ጋሼ በግራ እጃቸው ቁጭ በይ አሏቸው። ፈረምን፣ አስፈረምን። እትዬ ሙሉ ወረቀቱን በፌስታል ጠቅልለው እየዞሩ እያዩን ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

ጋሼ ይኸይስ እትዬ ሙሉ ከዓይን እስኪሰወሩ ጠበቁ። ከዚያ ሊነሡ ሲሉ ቀኝ እግራቸው ከዳቸውና ከጠረጴዛው ጋር ወደቁ።

ሰው ተሰበሰበ። የፍርድ ቤቱ ጥበቃ ደሳለኝ ሮጦ መጥቶ ደገፋቸውና ፊታቸውን ሲያይ ጮኸ፤ «መጋኛ ነው! መርፌ እንዳይነካቸው! መርፌ ከነካቸው አለቀ!» አንዱ ጤና አዳም አሽቶ አፍንጫቸው ሥር ያዘ። አንዱ «ዕረፍት ነው የሚያስፈልጋቸው» አለ። ባለጋሪ መጣ። «ወዴት ነው?» ሲል አሥር ሰው በአንድ አፍ «ቤታቸው!» አለ። እኔ አፌን ከፈትሁና ዘጋሁት። ሐኪም ቤቱ በስተቀኝ ነበር፤ ጋሪው ወደ ግራ ታጠፈ።

ቤታቸው መደብ ላይ አስተኛናቸው። ዓይናቸው ክፍት ነው፤ ሁሉንም ያያሉ፤ ይሰማሉ። ለመናገር ይሞክሩና ድምፅ ብቻ ይወጣል። እትዬ ጥሩዬ ፊታቸው አመድ መስሎ ስልክ ይደውላሉ። የጋሼ ታላቅ ወንድም አያ ፈንታ አዲስ ቅዳም ከተማ ናቸው፤ ስልካቸው አይነሣም፤ ሰው ተላከባቸው።

«እትዬ ጥሩዬ፣ ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው» አልሁ።

«አያ ፈንታ ይምጣ።»

«እስኪመጡ…»

«አንቺ ልጅ አይገባሽም!» አሉኝ፤ ከቁጣ ይልቅ ልመና ነው የሚመስል። «ሳላስፈቅድ ወስጄው መርፌ ወግተውት ቢሞት፣ እሷ ናት ያስገደለችው እባላለሁ። በዚህ አገር እንዴት እኖራለሁ?»

ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል። የሚገባው ሁሉ አንድ ሐሳብ አለው። አንዷ ሞቅ ያለ ነገር አጠጡት ትላለች፤ አንዱ ይሻለዋል፣ እንዲህ ሆኖ የዳነ ሰው አውቃለሁ ይላል። ደግሞ አያቃስቱም፤ ደም የለ፣ ትኩሳት የለ። የተኙበት ጸጥታ ሁላችንንም አታለለን። አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሆነ። ሰባት ሆነ። ጋሼ ይኸይስ በግራ እጃቸው የቀሚሴን ጫፍ ይዘዋል። ሲጎትቱኝ ወደ እሳቸው ጎንበስ እላለሁ፤ ምን እንደሚሉ አይገባኝም። አሁን ሳስበው ገብቶኝ ነበር። ደፍሬ ይዣቸው መውጣት ነው ያቃተኝ።

አያ ፈንታ የደረሱት ከስምንት ሰዓት በኋላ ነው። ጭቃ እስከ ጉልበታቸው። ወንድማቸውን ሲያዩ አነቡ፤ ከዚያ እንደ ታላቅ ሰው ራሳቸውን ሰብስበው «መጀመሪያ ጸበል ይቅመስ፤ ነገ ጠዋት እናያለን» አሉ። ጎረቤት ጸበል እስኪያመጣ፣ ሰው እስኪጸልይ ሌላ ሰዓት አለፈ። አያ ፈንታ የወንድማቸውን ራስ ቀና አድርገው ከጣሳው ጠጋ አደረጉላቸው።

ውኃው በተሳሳተው በኩል ወረደ። ጋሼ ይኸይስ ትን አላቸው። የመዋጥ አቅሙም አብሮ ተይዞ ኖሯል። ፊታቸው ጠቆረ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ደረታቸው ይነሣል ግን አየር አይገባም። እትዬ ጥሩዬ በሁለት እጃቸው ራሳቸውን ይዘው ጮኹ። አያ ፈንታ ጣሳውን ወርውረው ወንድማቸውን በጎን ገለበጧቸው፤ ጀርባቸውን መቱት። አንዴ። ሁለቴ። በሦስተኛው ትንፋሻቸው ተመለሰ።

አያ ፈንታ «ነገ ጠዋት» ያሉትን የረሱት እዚያ ላይ ነው። «አንሡት! ባጃጅ ጥሩ!» አሉ። ባጃጁንም አልጠበቁም፤ ወንድማቸውን አዝለው በዝናብ ወጡ። እኛ ከኋላ ሮጥን።

ሐኪም ቤት ስንደርስ አሥር ሰዓት ሆኗል። ያየቻቸው ወጣት ሐኪም ናት። የደም ግፊታቸውን ለካች፣ ዓይናቸውን በባትሪ አየች፣ እግራቸውን ዳሰሰች። ከዚያ እስክሪብቶ ይዛ ወደ እኛ ዞረች።

«መቼ ነው የጀመራቸው?»

«ቀትር ላይ ነው» አሉ አያ ፈንታ፣ የተነገራቸውን ይዘው።

«ሦስት ሰዓት ላይ ነው» አልሁ። «ጠዋት። አብሬያቸው ነበርሁ።»

ሐኪሟ ጻፈች። «ከዚህ በፊትስ እንዲህ የሚመስል ነገር ታይቶባቸው ያውቃል? መጥቶ የሄደ?»

ጋሼ ይኸይስ ከአልጋው ላይ ያዩኛል። ቃል ሰጥቻቸዋለሁ።

«ከአሥር ቀን በፊት» አልሁ። «አፋቸው ተጣሞ፣ እጃቸው ዝሎ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ለቀቃቸው። ለማንም እንዳትናገሪ አሉኝ።»

እትዬ ጥሩዬ ወደ እኔ ዞሩ። የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። «አንቺንም?» አሉኝ። «እኔ… እኔ ከአንድ ወር በፊት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ሲያቅተው አይቻለሁ። ቆለፍሁለት። ‹ብርድ ነው፤ ለአያ ፈንታ እንዳትነግሪው› ብሎ በማርያም አስማለኝ።»

አያ ፈንታ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ አሉ። «እኔ ዘንድ ለበዓል መጥቶ፣ መንገድ ላይ እግሩ ተሳሰረበት። አንደበቱም ተይዞ ነበር። ‹ለጥሩዬ እንዳትነግራት፣ ትሸበራለች› አለኝ።»

ሦስታችንም ተያየን። እያንዳንዳችን አንድ አንድ ይዘን፣ እያንዳንዳችን ምስጢር አዋቂ ብቻችንን መስሎን ኖረናል። ተሰብስበን አንድ ቀን ሻይ ብንጠጣ ኖሮ ወሬው ይወጣ ነበር።

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ይህ ስትሮክ ይባላል» አለችን። «ወደ አንጎል የሚሄድ ደም ሲዘጋ፣ ወይም የደም ሥሩ ሲፈነዳ የሚመጣ ነው። ያ መጥቶ የሄደው ማስጠንቀቂያው ነበር።»

«ምንም አያመኝም ይለን ነበር እኮ» አሉ እትዬ ጥሩዬ።

«አዎ። አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ቢያማቸው ኖሮ ትሮጡ ነበር።»

ወደ ባሕር ዳር ሊልኳቸው አምቡላንስ ሲዘጋጅ፣ ሐኪሟን በር ላይ ለብቻዋ አገኘኋት። በጠዋት ብናመጣቸው ይድኑ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኋት። «ያን እኔም አላውቅም» አለችኝ። «ማወቅ የምንችልበትን ጊዜ ነው ያጣነው።»

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ነፍሳቸው ተርፋለች፤ ቀኝ እጃቸውና አማርኛቸው ግን አልተመለሱም። ያ ሁሉ አማርኛ ሄደ። ከወራት በኋላ ግን ጥቂት ቃላት ከአፋቸው ይወጡ ጀመር፤ በአገውኛ፣ በልጅነት ቋንቋቸው። እኔ አይገባኝም፤ እትዬ ጥሩዬ ያስረዱኛል። ውኃ። ና። እናቴ። የእትዬ ሙሉ ይግባኝ ተቀባይነት አግኝቶ መሬታቸው መመለሱን የሰሙ ቀን ደግሞ አንድ ቃል ብለው እትዬ ጥሩዬን አሳቋቸው፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ቤት መዋል አልሆነላቸውም። ጠዋት ጠዋት በጋሪ እየመጡ እኔ በረንዳ ላይ፣ በድሮው ቦታቸው ይቀመጣሉ፤ ግራ እጃቸው ከዘራ ይዟል። የድሮ ባለጉዳዮች ጉልበታቸውን ስመው ያልፋሉ። እትዬ ሙሉ ገበያ በወጡ ቁጥር ጎናቸው ቁጭ ብለው በአገውኛ ያወሯቸዋል።

አንድ የገበያ ቀን፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ ጥበቃው ደሳለኝ በሩ ላይ ቆሞ ውኃ ይጠጣ ነበር። ብርጭቆው ከእጁ ወድቆ ተሰበረ። ደሳለኝ ሳቀ። ሳቁ ግን በአንድ ወገን ብቻ ነው። «ሌሊት ብርድ መትቶኝ ነው» አለ፤ ምላሱ ተሳስሯል። ጓደኛው «ሂድ፣ ጥላ ሥር አረፍ በል» አለው።

ከኋላዬ ቆርቆሮው እንደ ነጎድጓድ ጮኸ። ጋሼ ይኸይስ ተነሥተው ቆመዋል። በከዘራቸው የቆርቆሮ ግድግዳውን ይደበድባሉ፤ አንድ ቃል በአገውኛ ይጮኻሉ፤ ደጋግመው፣ የአንገታቸው ሥር ተገትሮ። ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያያቸዋል። አበዱ ያለም አለ።

«አሁን ነው የሚሉት!» ብለው እትዬ ሙሉ ጮኹ። «አሁን ውሰዱት ነው የሚሉት!»

«ኧረ ምንም አልሆንሁም» አለ ደሳለኝ፣ አፍሮ። «አለቃዬን ሳላስፈቅድ በር ጥዬ…»

«ሚስቱ ትምጣ መጀመሪያ» አለ አንዱ።

ባጃጅ አቁሜ ነበር። ሹፌሩ «ትሄዳላችሁ አትሄዱም?» ብሎ ሊነሣ ሲል ጋሼ ይኸይስ እግራቸውን እየጎተቱ መንገድ ገቡ። ከዘራቸውን ጣሉና በአንዲት ደህና እጃቸው የባጃጁን ብረት ያዙ። ሹፌሩ ቢቆጣ፣ ጥሩምባ ቢነፋ አልለቀቁም። እኔ ያን ጊዜ ማንንም አልጠየቅሁም። ደሳለኝን በብብቱ ይዤ ገፍቼ አስገባሁት፤ እትዬ ሙሉ በሌላው በኩል ጎተቱት። ሲቃወም እንኳ ቀኝ እጁ አልታዘዘውም።

ደሳለኝ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሲሮጥ ብቻ እግሩን ትንሽ ያነክሳል። የእሱ በሽታ የቀለለ ስለነበር ይሁን ቶሎ ስለደረሰ፣ ይህንንም አላውቅም።

ያን ቀን ግን ከሐኪም ቤት ስመለስ ጋሼ ይኸይስ ከበረንዳው አልተነሡም። ካፖርታቸው አቧራ ብቻ ሆኗል። «ተኝቷል ጋሼ፤ ሐኪም ይዞታል። እየተናገረ ነው» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ያ ግን አልበቃቸውም። እጃቸውን ዘርግተው የእጄን ሰዓት በጣታቸው መታ መታ አደረጉት፤ ቀና ብለው ዓይን ዓይኔን አዩኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ፤ ሊያውቁ የፈለጉት ብርጭቆው ከወደቀበት ጀምሮ ሐኪሟ እስክታየው ስንት እንደፈጀ ነው።

«ሃያ አምስት ደቂቃ» አልኋቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው በረጅሙ ተነፈሱ። የእሳቸው ሰባት ሰዓት ነበር። ሁለታችንም አላነሣነውም።